የምንጩን ታሪክ ስተረጉም

እትዬ የደም ብዛት ኪኒኗን ማቋረጧን ያወቅኩት ከለንደን ርቀን፣ አንድ የእንግሊዝ ገጠር መንደር ውስጥ ቆመን ነው። ጫማዋን አውልቃ እርጥብ ሣር ላይ ቆማለች፤ በእጇ ባዶ ጀሪካን ይዛለች። ጀሪካኑን ለንደን ሼፈርድስ ቡሽ ካለው ቤታችን እስከዚያ ድረስ የተሸከምኩላት እኔው ጅሉ ነኝ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተከታትለን ከአገር ወጥተን፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አብረን እንኖር ነበር። ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። እኔ ፓርክ ሮያል ምግብ ፋብሪካ ሳንድዊች ሳሽግ እውላለሁ፤ እሷ ሕመሟን ይዛ ቤት ትውላለች። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዷ ስለዚህ መንደር ነገረቻት። በቅዱስ ስም የሚጠራ፣ ድውይ ይፈውስ የነበረ ምንጭ አለ ተባለ። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አሳጣችኝ። ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅጄ በባቡር፣ ቀጥሎም በቀን ሦስቴ ብቻ በሚያልፍ አውቶቡስ ወሰድኳት።

መንደሩ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ጥቂት የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ የሆነ ቀይ የስልክ ሣጥን፣ ከጦርነት ያልተመለሱ ልጆች ስም የተቀረጸበት ሐውልት። ስሞቹን ብቆጥር ከቤቶቹ በለጡብኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የያዙ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ተቀበሉን። የእትዬን ባዶ እግር አዩና በግቢው መቃብሮች መካከል አልፈው ወደ ምንጩ መሩን።

እሳቸው አወሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። ድሮ ዓይኑን የታመመ፣ እግሩ የከዳው ከሩቅ እየመጣ እዚህ ይታጠብ ነበር። መጠጥ ቤቱም መጀመሪያ የበሽተኞች ማደሪያ ነበር። ኋላ ንጉሡ ከሮማው ጳጳስ ጋር ሲጣላ ይህ አጉል እምነት ነው ተብሎ ምንጩ በድንጋይ ተደፈነ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ቄስ አስቆፍረው አወጡት።

«ዛሬ ግን የእርሻው ማዳበሪያ ይገባበታል» አሉ። «እጅ መንከር ይቻላል፤ መጠጣት አይቻልም።»

እትዬ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ተንገዳግዳ የምንጩን ግንብ ያዘች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ኪኒንሽን ወስደሻል?»

«ሰኞ ነው የተውኩት።»

«ለምን?»

«ጠበል ተይዞ ኪኒን ይዋጣል? የት አገር አየህ?»

ክው አልኩ። አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ ሐኪሙ ሲያስጠነቅቃት ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። እዚህ ብትወድቅስ? አምቡላንስ ከየት ይደርሳል? ልጮህባት ፈለግኩ፤ ግን እትዬን በጩኸት ያሸነፈ ሰው የለም። ኪኒኑ ከቦርሳዋ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ መድኃኒት መጣል ግፍ ነው የምትል ሰው ናት።

አሮጊቷ ስለ ግንቡ ድንጋይ ማብራራታቸውን ቀጥለዋል። እኔም መተርጎሜን ቀጠልኩ።

«የዚህ መንደር ሥርዓት ሌላ ነው ይላሉ። ድሮ እዚህ የመጣ በሽተኛ መጀመሪያ ሐኪም ያዘዘለትን ይወስዳል፤ እጁን የሚነክረው ከዚያ በኋላ ነው። ያለዚያ ጠበሉ አይሠራለትም።»

አሮጊቷን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። በሰው መንደር ታሪክ ላይ የራሴን ቀጥዬበት ነበር።

እትዬ አሰብ አደረገች። «እንግዲያው ጠይቅልኝ፤ የመጡት ሰዎች ድነዋል ወይ?»

ይህን በትክክል ጠየቅኩ። አሮጊቷ ወደ መቃብሮቹ አዩ።

«መምጣታቸው ተጽፏል፤ መዳናቸውን የጻፈ የለም» አሉ። «እኔም ባለቤቴን ሲታመም እዚህ አምጥቼው ነበር። ያውና፣ ያ ትልቁ ዛፍ ሥር ነው ያለው።»

«ምን አሉ?»

«ሁሉም ድነዋል አሉ። ባለቤታቸውም ጭምር።»

እትዬ የአሮጊቷን ፊት አየች። ወደ ዛፉ ዞረች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቦርሳዋን ከፍታ ኪኒኑን አወጣችና ከእኔ ጠርሙስ ውኃ ተቀብላ ዋጠችው።

«ውሸት አትችልበትም» አለችኝ። «ፍርሃትህን አይቼ ነው።»

ከዚያ በባዶ እግሯ ሄዳ አሮጊቷን አቀፈቻቸውና በአማርኛ «እግዜር ያጽናዎት» አለቻቸው።