የመምህር ጂንሹይ ድምፅ የሚሰበርበት ቦታ

እትዬ ሱዩን ባላቸው ሲቀበር አላለቀሱም። ለሐሜት ብዬ አይደለም፤ ከተማችን ሲሉዎ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ለቀስተኛውን ሻይ አጠጡ፣ የተዋሷቸውን ወንበሮች ለየባለቤቱ መለሱ፣ በሦስተኛው ቀን ትንሿን የጭነት መኪና አስነስተው ለስለት ጨዋታ ወጡ። ሴቶቹ «ድንጋይ ናት» አሉ። ወንዶቹም አሉ፣ ግን ቀስ ብለው።

ባላቸው ጂንሹይ የእጅ አሻንጉሊት አጫዋች ነበር። ሰው ሁሉ መምህር ይለዋል። እኔ ግን አንቱ አልለውም፤ በቁሙ ሲሰድበኝ የኖረ ሰው ሞተ ብዬ ማክበር አልጀምርም። የሽፍታውንም፣ የሙሽራዋንም፣ የጅሉንም ድምፅ ብቻውን ያወጣ ነበር። እትዬ ሱዩን አርባ ዓመት ከጎኑ ቆመው እጃቸውን ብቻ ሰጡት፣ ድምፅ አልሰጡም። ጉሮሮው ሲታመም ጨዋታዎቹን ሁሉ በካሴት ቀዳላቸውና ሞተ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በየቤተ መቅደሱ ፊት የመኪናቸውን ሣጥን እንደ መድረክ ከፍተው፣ የሞተው ሰው ሲናገር አሻንጉሊቶቹን ያንቀሳቅሳሉ። ተመልካች የለም። ጨዋታው የአምላክ ነው፤ የተሳለው ሰው ስለቱን አስገብቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንዳንዴ ውሻ ይመጣል።

አንድ ቀን ደፍሬ እንዴት ነዎት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ደንዝዣለሁ አሆንግ» አሉኝ። «ጥርስ ሲነቅሉህ መርፌ ይወጉህ የለ? እንደዚያ ነው። ይለቀኛል ብዬ ስጠብቅ ይኸው አራት ዓመቴ።»

ይህን ሲሉ ሩዛቸውን እየበሉ ነበር፤ ጨርሰውም ጎድጓዳ ሳህኑን አጠቡ።

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ከአኩሪ አተር ድልህ መሸጫው አጠገብ ስለሆነ የምጠግነው ሁሉ ጨው ጨው ይሸታል። ከሦስት ዓመት በፊት የእትዬ ሱዩን ማጫወቻ አንድ ካሴት ሲበላባቸው፣ ላፕቶፕ ሸጥኩላቸውና የቀሩትን ካሴቶች በሙሉ እኔው ገለበጥኩበት። ካሴቶቹ ሻጋታ ጀምሯቸው ስለነበር ይጣሉ አልኳቸው። ቆሻሻ ሰብሳቢው መኪና ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ በከረጢት ይዘው ወጡና ጣሉ። ይህን ያስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዘንድሮ ከአዲስ ዓመት በኋላ ድምፁ መንጣጣት ጀመረ። ጂንሹይ አምርሮ ሲናገር በመሀል ፈንዲሻ እንደሚፈነዳ ጣ ጣ ጣ ይላል፣ ይቆረጣል፣ ይቀጥላል። የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቹዋንግ ወዲያው እንጨቶቹን ጣለ። እኛ ዘንድ አምላክ የሚጠየቀው በሁለት ግማሽ ጨረቃ በሚመስሉ ቀይ እንጨቶች ነው፤ አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ መልሱ አዎ ነው። ቹዋንግ «አምላካችን የመሬት አባት ተቀይሟል» ብሎ የመሥዋዕቱን አሳማ በትልቅ አስለወጠ። መንጣጣቱ ግን ባሰ።

እትዬ ሱዩን ግን አምላክን አልጠየቁም። ቤታቸው ገብተው የባላቸው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሙና እንጨቶቹን ጣሉ። ድምፅህን እንዳላጫውት እየከለከልከኝ ያለኸው አንተ ነህ? ሦስት ጊዜ ጠየቁት፣ ሦስት ጊዜ አዎ አላቸው።

በማግስቱ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው ሱቄ ገቡ። ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ፤ የገበያ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ነበር የሚናገሩት።

«እሱ ከሆነ የአሻንጉሊቱን ሳጥን እዘጋዋለሁ» አሉ። «ያለፈቃዱ አላስጮኸውም። ማሽኑ ከሆነ ማሽኑ ነው በለኝ። ብቻ አትዋሸኝ።»

እኔ በእንጨት አላምንም። ሰው ሁሉ ብሎን ሳይፈታ ወደ ሰማይ ማንጋጠጡ ያበሽቀኛል። እዋሻለሁ እንዴ ብዬ ተቆጣሁ።

ሱቅ ውስጥ ከሰዓቱን ሙሉ አጫወትኩት፤ አንዲት ጣ አላለም። የእኔ ቤት ስለሆነ ጨዋ ሆነ እንጂ ድኖ አይደለም። በማግስቱ መኪናቸው ላይ ተጭኜ ቤተ መቅደሱ ድረስ ሄድኩ፤ እዚያ ገና ጂንሹይ አፉን ሲከፍት ተንጣጣ። ድምፅ ማጉያውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው። ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ ብቻ አስኬድኩት፤ ያው። ቹዋንግ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ መሆኑን በየደቂቃው ይነግረኝ ጀመር። የእሱን ንዝነዛ ላለመስማት ሰዓቴን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። መንጣጣቱ ሥርዓት አለው፤ በየደቂቃው ገደማ ይመጣል።

በየደቂቃው የሚሠራ ምን አለ? የዋይፋይ ካርዱ። ቤተ መቅደሱ ለአዲስ ዓመት ዋይፋይ አስገብቷል፣ አምላክ ፊት ቆመው ስልክ የሚጎረጉሩት እንዳይቸገሩ። የመኪናው ሣጥን ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጡ ያለው ላፕቶፕ መረቡን ያገኘዋል፣ ያጣዋል፣ እንደገና ይፈልገዋል። ዋይፋዩን አጠፋሁት፤ የጂንሹይ ድምፅ ውሃ ሆኖ ፈሰሰ። አበራሁት፤ ጣ ጣ ጣ።

«አንድ አሽከር ብቻ ያለበት ቤት ነው ይበሉት» አልኳቸው። «አሽከሩ ድምፁን እየቀዳ ያቀርባል። ካርዱ ደግሞ መረብ ፈልግልኝ ብሎ ይጠራዋል። ጥሎ ይሮጣል። እሱ እስኪመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው። የሚንጣጣው ባዶው ነው።»

«እሱ አይደለም?»

«አይደለም። እንጨቶቹ ዋይፋይ አያውቁም።»

«ደግ» አሉ። ደስ ይበላቸው አይበላቸው ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እኔን ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የካርዱን ሶፍትዌር በአዲስ ተካሁት፣ ኃይል መቆጠቢያውን አጠፋሁ፤ መንጣጣቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ዋይፋዩን አጥፍቼ ብተወው ደግሞ አንድ ቀን ራሱን ያበራል። ስለዚህ ሱቅ ወስጄ ሆዱን ከፈትኩና ካርዱን ነቀልኩት። ሁለት ጣት የማይሞላ ነገር ነው። የአንቴናዎቹን ጥቁርና ነጭ ሽቦ ጫፋቸውን በፕላስተር አሰርኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ።

እቃ ከመመለሴ በፊት እስከ መጨረሻው ሰምቼ ነው የምመልሰው። ለመጪው የቤተ መቅደሱ በዓል የሚጫወተው «የበረኛው ስንብት» የሚባለው ነበር። ከተማው ሊከበብ ሲል አንድ ሽማግሌ በረኛ ሚስቱን ያሸሻል፤ እሱ ይቀራል። «ሂጂ፤ በሩን አልዘጋውም» ይላታል። እዚያ ላይ፣ «አልዘጋውም» ሲል፣ ድምፁ ብትንትን አለ።

ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። መልሼ አጫወትኩት፤ እዚያው ቦታ ላይ ተሰበረ። ሦስተኛም እዚያው። ቦታውን የሚቀያይር መንጣጣት የማሽን ነው፤ ከቦታው የማይነቃነቅ ግን ሲቀዳ የገባ ነው። ፋይሉ የተሠራበትን ቀን አየሁ። በዚህ ደሴት ያለ ወንድ ሁሉ ያን ቀን ያውቀዋል። ቡድናችን ከኮሪያ ጋር ቤዝቦል የተጫወተበት ከሰዓት ነው።

ካሴቱ እየተገለበጠ፣ በዚያው ላፕቶፕ፣ ድምፁን አጥፍቼ የኳሱን ጨዋታ ሳይ ነበር። ካርዱ ምስሉን ለእኔ ሲያመጣልኝ የጂንሹይን ድምፅ ጣለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ካሴቶቹንም አስጥያለሁ። ብሎን ሳይፈታ ወደ ሰማይ የሚያየው ሁሉ ሲያበሽቀኝ፣ የራሴን እጅ አላየሁም።

መናገር ነበረብኝ። አትዋሸኝ ብለውኛል። አፈርኩና አልተናገርኩም። በሌላ ጨዋታ ጂንሹይ የሰከረ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሆኖ «በሩን አልዘጋውም» ሲል አገኘሁት። ቃሏን ቆርጬ አወጣሁና በተሰበረው ቦታ ሰፋኋት። ስካሩ እንዳይሰማ ዝግ አደረግኋት። ስፌቱ አይታወቅም፤ እንዲያውም ኮራሁበት። ካሴቶቹ ትምህርት ስለሆኑኝ አሮጌውን ፋይል አልጣልኩም፣ አስቀመጥኩት።

በዓሉ በስምንተኛው የጨረቃ ወር እኩሌታ ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ። ማሽኑን እጠብቃለሁ ብዬ ከመድረኩ ኋላ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ቹዋንግ ብቻ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እትዬ ሱዩን ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ዘርግተው ቆሙ፤ በግራው በረኛው፣ በቀኙ ሚስቱ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዲት ጣ የለም። ቹዋንግ በመጋረጃው ቀዳዳ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ስንብቱ ሲቃረብ እትዬ ሱዩን በፍጥነት አንድ እጃቸውን አውርደው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ላብ ነው አልኩ።

«ሂጂ፤ በሩን አልዘጋውም» አለ ጂንሹይ፣ ጥርት አድርጎ።

እጃቸው ቆመ። የበረኛው ሚስት መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። ድምፁ ቀጠለ፣ ከበሮው ተመታ፣ አሻንጉሊቶቹ እንደተፋጠጡ ቀሩ። እትዬ ሱዩን ወደ ላፕቶፑ እያዩ የሆነ ነገር ይጠብቁ ነበር። ከዚያ እጃቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው አደረሱት። ፎጣው ደረቅ ነበር።

አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ ሳጥን ከከተቱ በኋላ ነው ያናገሩኝ።

«ምን አደረግህበት?»

ካርዱን እንዴት እንደነቀልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ካርዱን አላልኩህም። ‹አልዘጋውም› ሲል ይሰበር ነበር።»

እሳቸው ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው አልተለየም።

«ሲቀዳ ከክፍሉ አስወጥቶኛል፣ ትንፋሽሽ ይሰማል ብሎ። አርባ ዓመት ሰው ሲያስለቅስ እንጂ ሲያለቅስ አላየሁትም። ይህን ጨዋታ ከካሴቱ አጫውቼው አላውቅም፤ እዚያ ቦታ ላይ አልቅሷል ብዬ ነበር። እኔም እዚያ ስደርስ አለቅሳለሁ። ሌላ ቦታ አይመጣልኝም።»

ያኔ ነገርኳቸው። ቤዝቦሉን፣ ድምፁን አጥፍቼ ማየቴን፣ የሰካራሙን ቃል ቆርጬ መስፋቴን፣ መዋሸቴን፣ ሁሉን። እየነገርኳቸው ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም፤ የሣጥኑን ዘለበት ነበር የማየው። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። ባላቸው ቢሆን ሰባት ትውልዴን ይጠራልኝ ነበር።

ደረቁን ፎጣ አጠፉት። እንደገና ፈቱት፣ አጠፉት።

«ማን አሸነፈ?» አሉ።

«ምኑን?»

«ኳሱን።»

«ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ።»

«እንግዲያው የሚያስለቅስ ነገር ነበረ» አሉ። ቀልድ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። «አሮጌው አለህ?»

«አለኝ። ግን እትዬ፣ አሁን እኮ ምን እንደሆነ ያውቁታል።»

«መልሰው።»

እዚያው የቢራ ሣጥኑ ላይ ሆኜ መለስኩት።

በዘጠነኛው ጨረቃ አንድ ገበሬ ልጁ ከሆስፒታል ስለወጣለት ስለት አገባና እትዬ ሱዩን ያንኑ ጨዋታ ይዘው መጡ። እኔን የጠራኝ የለም፤ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ ከመድረኩ ኋላ ተቀመጥኩ። ስንብቱ ሲቃረብ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «ሂጂ፤ በሩን» አለ ጂንሹይ፣ ቀጥሎም ድምፁ ተሰበረ። የበረኛው ሚስት ሄደች። እትዬ ሱዩን ሁለቱም እጃቸው ላይ አሻንጉሊት ስለነበረ ፊታቸውን ወደ ትከሻቸው አዘንብለው በፎጣው ጠረጉ። የእኔ እጆች ነፃ ነበሩ፤ በእጄ ጠረግሁ።