የአሰጋሽ ሁለተኛ ስም

ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን በሚመላለሱት ሚኒባሶች ውስጥ ካሴቷን የሰማ ሁሉ አሰጋሽ ወዳጆ የአዝማሪው የወዳጆ ልጅ ትመስለዋለች። አይደለችም። አባቷ አቶ ቅጣው ናቸው። ከዘመሮ ወጣ ብሎ ባለው አገር ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ በዚያ ላይ የሰንበቴው ሙሴ ሆነው ማኅበሩን የሚመሩ፣ ቃላቸው መሬት የማይወድቅ ሰው።

ነገሩ የጀመረው በ1986 ዓ.ም. ነው። አሰጋሽ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከባሏ ተፋትታ መሐል ሜዳ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየችና የበግ ፀጉር እየፈተለች የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ለባና ሠሪዎች ትሸጥ ጀመር። ወደ ወላጆቿ ቤት ያልተመለሰችው አትምጪ ያላት ኖሮ አይደለም። «ከገባሁ ዳግመኛ ይድሩኛል» ብላ ነው።

ጎረቤቷ አዝማሪው ወዳጆ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ ሰው ቢሆኑም አዝማሪ ናቸውና ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንተ ወዳጆ» ይላቸዋል። ቁርጥማት የግራ እጃቸውን ጣቶች ቆልምሞ መሰንቆውን ካሰቀላቸው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሚስትም ልጅም የላቸውም። አሰጋሽ አንድ ቀን ቆሎ ይዛላቸው ስትገባ መሰንቆውን ግድግዳው ላይ አየችው። ጭራው ላልቷል፤ ቆዳው አቧራ ለብሷል።

«ጋሼ ወዳጆ፣ ይኼ እንዲህ ተሰቅሎ ሊቀር ነው?»

«ምን ላድርገው? እጄ እምቢ አለኝ።»

«እኔን ያስተምሩኝ።»

ወዳጆ ሳቁ። በዚያ አገር ሴት ከመሰንቆው አጠገብ ቆማ ታዜማለች፣ ታጨበጭባለች እንጂ መሰንቆ ስትመታ ታይታ አታውቅም። አሰጋሽ ግን አልሳቀችም። እጇን ዘረጋችላቸው።

«ጣቴን ይዩት። ክር ሲወፍርና ሲቀጥን ሳላየው ይለያል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው።»

አዝማሪው ጣቶቿን አገላብጠው አዩ። ከዚያ መሰንቆውን ራሳቸው አወረዱት።

ትምህርቱ ዓመት ፈጀ። እሳቸው ዜማውን በአፋቸው ያንጎራጉራሉ፤ እሷ ጭራው ላይ ትፈልገዋለች። ስትስት ዝም ይላሉ፤ ስታገኘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የመንደሩ ሴቶች «ይህች ልጅ አበደች» አሏት። ሰማቻቸው፤ በማግስቱም ተነሥታ ያንኑ ዜማ ጀመረች።

በ1987 ጥር ላይ አንድ ሰርገኛ ሌላ አዝማሪ አጥቶ እሷን ጠራት። መሰንቆዋን ይዛ ወጣች። ሰው መጀመሪያ ሊስቅባት መጣ፣ ቀጥሎ ሊያይ ቆመ፣ በመጨረሻ ይጨፍር ጀመር። ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ዘመሮ ደረሰ።

አቶ ቅጣው በገበያ ቀን መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። አልጮሁምም።

«ልጄ አይደለሽም አልልሽም» አሉ። «ብትታመሚ እመጣለሁ፤ ብትቸገሪ እልካለሁ። ስሜን ግን ጠጅ ቤት እንዳላገኘው። ‹አሰጋሽ ቅጣው› ሲባል፣ መሰንቆ ሲከተለው እንዳልሰማ።»

«እሺ አባዬ» አለች። «ስምዎን አላነሣም። መሰንቆውን ግን አልጥልም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም» ብለው ሄዱ።

አሰጋሽ ቆማ ጀርባቸውን አየች። አላለቀሰችም፤ ግን ያን ቀን መፍተልም መምታትም አልሆነላትም። ቃሏን ግን ጠበቀች። በየሰርጉ ሞቅ ያለው ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ሲላት «የእናቴ» እያለች ታልፋለች። ሰዉ ይስቃል፤ ቀልድ ይመስለዋል።

እንዲህ አራት ዓመት አለፈ። በ1991 ክረምት መግቢያ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ካሴት ቤት ያለው ትዕዛዙ የሚባል ሰው ሰርግ ላይ አያትና አዲስ አበባ ወስዶ አስቀረጻት። በሦስት ቀን አሥር ዘፈን። ፎቶም ተነሣች። ሁሉም ካለቀ በኋላ ትዕዛዙ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ።

«ሽፋኑ ላይ አሰጋሽ ማን ልበል?»

«አሰጋሽ ብቻ በል።»

«ብቻውን አይሆንም። አሰጋሽ ብዙ ነው፤ ገዢው ይምታታበታል። የአባትሽን ስም ንገሪኝ።»

«እሱን አልችልም።»

ትዕዛዙ ለምን አላለም፤ ነጋዴ ነው፣ ሌላ ነገር አሰበ። «እንግዲያው ‹አሰጋሽ መንዜ› እንበል። ጥሩ ይሸጣል።»

«መንዝ የእኔ ብቻ ነው እንዴ? እኔ ዜማ ብስት ስሕተቱ ለአገር ሊተርፍ ነው።»

«‹የመሰንቆዋ ንግሥት›ስ?»

«ንግሥት አይደለሁም። ፀጉር ፈታይ ነኝ።»

ትዕዛዙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማተሚያ ቤቱ ሐሙስ ይቀበላል። ሐሙስ ስም ከሌለ እኔ የመሰለኝን እጽፋለሁ» አላት።

ቀኑ ሰኞ ነው። አሰጋሽ ማክሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ተገኘች። የምትፈልገውን ስም ታውቃለች፤ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሰው ስም አይወሰድም። ክረምት ነበርና መሐል ሜዳ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የአውቶቡሱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ፤ አልነቃነቅ አለ። ሾፌሩ «ትራክተር እስኪመጣ ነው» ሲል ሌላው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ ጋቢዋን በላስቲክ ሸፍና በእግሯ ቀጠለች። ስትደርስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች።

ወዳጆ ባና ተከናንበው እሳት ዳር ተኝተዋል። ዓመቱን ሙሉ ደረታቸውን እያመማቸው ነበር። የመጣችበትን ነገረቻቸው።

ባናቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ከዚያ «የእኔ ስም ምን ይረባሻል?» አሏት። «በዚህ አገር ላም ጠባቂው ሳይቀር አንተ እያለ የሚጠራው ስም ነው።»

«እኔ አንተ ብዬዎት አላውቅም።»

«አላልሽኝም። እውነት ነው።»

«ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሥራው የእርስዎ ከሆነ ስሙም የእርስዎ ቢሆን አላፍርም።»

ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «እንግዲያው ስሚኝ። ልጅ አልወለድኩም፤ ስሜ ከእኔ ጋር አፈር ሊገባ ነበር። ውሰጂው። ነገር ግን የውሰት ዕቃ አይደለም። ነገ ሰው ቢቆጣሽ፣ ወይም የተሻለ ብታገኚ፣ ‹መልሼዋለሁ› እንዳትዪ።»

«አልልም።»

«ማዪ።»

«በእመቤቴ አልልም» አለች።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተነሣች፤ ሐሙስ ጠዋት ትዕዛዙ ሱቅ ደጃፍ ቆማ አገኛት። «ወዳጆ» አለችው። «አሰጋሽ ወዳጆ።» ጻፈው።

ካሴቱ ለመስከረም ደረሰ። የመጀመሪያውን ለወዳጆ ወሰደችላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ጽሑፉ ላይ ጣታቸውን አስቀመጠችላቸውና «ይኼኛው እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ጣታቸውን ቶሎ አላነሡም። በ1992 በሁዳዴ ጾም አረፉ። አሰጋሽ እንደ ልጅ ማቅ ለበሰች፤ ተዝካራቸውንም እሷው አወጣች።

ሁለተኛውን ካሴት ልትቀረጽ ስትሰናዳ፣ በ1994፣ ከዘመሮ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አባቷ ናቸው የላኳቸው። ተናጋሪው አቶ አፈወርቅ የሚባሉ የአባቷ የሰንበቴ ወዳጅ ነበሩ። አስቀመጠቻቸው፤ ራሷ ግን ቆመች።

«አባትሽ ዓይናቸውን ሊታከሙ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ» አሉ አቶ አፈወርቅ። «ሾፌሩ ያንቺን ካሴት ከፈተው። ከኋላችን አንዱ፣ ‹ወዳጆ እንዴት ያለች ልጅ ወልዷል እናንተ!› አለ። አባትሽ ከፊቱ ተቀምጠዋል። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል። ፈቅደዋል። በአዲሱ ላይ ስማቸውን መልሺላቸው ነው የሚሉት።»

አሰጋሽ አባቷን በዚያ መኪና ውስጥ አሰበቻቸው። አሳዘኗት። እሺ ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነም ታያት። ግን እሺ የምትለው በማን መቃብር ላይ ቆማ እንደሆነ አልጠፋትም።

«አባቶቼ፣ መምጣታችሁ ክብሬ ነው» አለች። «አባቴ ስሜን አታንሺ አሉኝ፤ አላነሣሁም። ቃሌን ጠብቄላቸዋለሁ። ለጋሼ ወዳጆም የሰጠሁት ቃል አለ። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር። የሉም። ለአንዱ የጠበቅሁትን ለሌላው ካፈረስኩ ምኑን የቅጣው ልጅ ሆንኩ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ አፈወርቅ ብድግ ብለው «እንደተናገርሽው እንነግራቸዋለን» አሉ። ደግመው አልለመኗትም።

አቶ ቅጣው ሁለት ዓመት አኮረፉ። አሰጋሽ በየመስቀሉና በየፋሲካው ሄደች። እናቷ ጥሩሸዋ ይቀበሏታል፤ አባቷ «እንደምን ከርመሻል» ብለው ወደ በጎቹ ይወጣሉ። ያም ሆኖ ሳትቀር ሄደች።

በ1996 ባህር ዳር በሚደረግ የባህል በዓል ላይ እንድትገኝ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው «አሰጋሽ ወዳጆ» ይላል፤ መታወቂያዋ «አሰጋሽ ቅጣው»። የቀበሌው ጸሐፊ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ «አንድ ሰው መሆንሽን የሚመሰክር የቅርብ ዘመድ አምጪ» አላት። በዚያው ዕለት ዘመሮ ወርዳ እናቷን ጠየቀች። ጥሩሸዋ ነጠላቸውን ሲፈልጉ፣ በር ላይ የተቀመጡት አቶ ቅጣው ዱላቸውን አነሡ።

«አንቺ ተቀመጪ» አሉ ሚስታቸውን። «ነገሩን ከሥሩ የማውቀው እኔ ነኝ።»

አባትና ልጅ ተከታትለው ቀበሌው ደረሱ። ጸሐፊው አስምሎ ጠየቃቸው።

«ወዳጆ የሚለው ከየት መጣ?»

«እኔ ስሜን ከለከልኳት» አሉ አቶ ቅጣው። «መሰንቆ ያስተማሯት አቶ ወዳጆ ሰጧት። ሰረቀች እንዳይባል ነው የመጣሁት። ሁለቱም እሷ ናት። ጻፈው።»

ጸሐፊው ጻፈ። አቶ ቅጣው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከወረቀቱ ሥር ተጫኑ፤ ጣታቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ሳይሆን ጸሐፊው በሰጣቸው ጨርቅ በጥንቃቄ ጠረጉ። አሰጋሽ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ባህር ዳር ሄዳ ተጫወተች፤ ተጨበጨበላት። ስትመለስ መሐል ሜዳ ሳትውል ቀጥታ ዘመሮ ሄደች። አባቷ ያን ቀን ወደ በጎቹ አልወጡም። አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ መሰንቆም ስለ ስምም አላወሩም። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ገብሱ ሳያፈራ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበርና፣ ዝናብ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ የትኛውን እርሻ አርሰው እንደሚገለብጡ እስኪመሽ ሲመካከሩ ዋሉ።