አልከፈት ያለው ኮምፒዩተርና ጋሽ ተካልኝ

ካዛንቺስ ኮምፒዩተር በመጠገን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው አቶ ተካልኝ ለረጅም ጊዜ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። ሱቃቸው ከፈረሰ ወዲህ ደንበኞቻቸው በየአቅጣጫው ስለተበተንን መርዶውን ያልሰማ ይኖራል ብዬ ይህን እጽፋለሁ። መጻፉም ደክሞኛል፤ በዚህ ዓመት ብዙ ሰው ቀብረናል።

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ባለች ትንሽ የንባብ ክፍል እሠራለሁ። በጎ ፈቃደኞች የትምህርት መጻሕፍትን በድምፅ ያነቡልናል፤ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ቅጂውን እየሰሙ ያጠናሉ። ያ ሁሉ ንባብ የነበረው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። አንድ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ መብራት ሄዶ ሲመለስ የማሽኑ የሴኪዩሪቲ ሴቲንግ ተበላሸ። አብዛኛው ፎልደር «ፈቃድ የለህም» እያለ አልከፈት አለ። ስክሪኑን የሚያነብልን ፕሮግራምም ድምፁ ጠፋ። ልጆቹ ለማጥናት እየመጡ በከንቱ ይመለሱ ጀመር።

የጠየቅናቸው ባለሙያዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። «ፎርማት ይደረግና በቃ። ማለቴ፣ ማሽኑም እኮ አርጅቷል» አለኝ አንዱ። ፎርማት ከተደረገ ደግሞ የስንት ሰው ጉሮሮ የደረቀበት ንባብ አብሮ ይጠፋል።

ጋሽ ተካልኝን ብንጠራቸው ከኩላሊት እጥበት በቀጥታ መጡ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኝ ነበር። «ፎርማትማ ማንም ያደርገዋል፤ እስቲ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንየው» አሉ። ሲሠሩ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡልኛል። ለምን እንደሚደክሙ ብጠይቃቸው «ኮምፒዩተሩ ያንተ ነው፤ የማደርገውን ማወቅ አለብህ» አሉኝ።

በማግሥቱ ግን የኪቦርዱ ድምፅ ድንገት ቆመ። «ደረጀ፣ አበላሸሁት» አሉ። «የሰጠሁት ትእዛዝ ለአንዱ ፎልደር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ነካው። ትናንት ይከፈቱ የነበሩትም ተዘግተዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የሚያይ ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው ቢወጡ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ይህ የገባኝ በኋላ ነው፤ ያኔማ ተናድጄ «ታዲያ ልጆቹን ምን ልበላቸው?» አልኳቸው።

«እውነቱን ንገራቸው። ነገ እመለሳለሁ» አሉ።

ተመለሱም። ከእጥበት ቀናቸው በቀር በየቀኑ እየመጡ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። ሕመማቸው ስለማይፈቅድ ውኃ እንኳ እንደ ልብ መጠጣት አይችሉም ነበር። አንዱ በተከፈተ ቁጥር «ባዮሎጂ መጣች» ብለው ይነግሩኛል፤ ቀጥለው ወንበሩ ላይ ደገፍ ይሉና ያርፋሉ። ታሪኩም ሒሳቡም ተገኘ። የጂኦግራፊው ቅጂ ግን ምንም ቢያደርጉ አልተገኘም። ያን ቀን መጽሐፉን ከመደርደሪያ ራሳቸው አወረዱና መቅጃውን ከፍተው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው ለንባብ አይመችም፤ ያስላሉ፣ ያቋርጣሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። እየተመላለሱ ጨረሱት፤ ልጆቹም ሰምተውት ለፈተናቸው ደረሱ።

ጋሽ ተካልኝ፣ ከቀብርዎ ተመልሼ ሥራ በገባሁ ቀን አንዲት የዘንድሮ ተፈታኝ ጂኦግራፊውን ስታዳምጥ ቆይታ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ እኚህ ሰውዬ ቶሎ ቶሎ "ይቅርታ፣ አንድ መስመር ዘልያለሁ፣ ልመለስ" ይላሉ። ቆርጠን ብናወጣው አይሻልም?» አለችኝ። አይቆረጥም አልኳት። ማረፍዎን አልነገርኳትም፤ ፈተናዋ ስለደረሰ ሳታዝን ትስማዎት ብዬ ነው። እርስዎ ብዙ ደክመዋል። እኛ እዚህ አለን፤ እርስዎ ይረፉ።