እሁድ በፍል ውሃ የታጠበችው ኩፔ

ከናዝሬት የወጣሁት በእግሮቼ መሀል አስፋልቱን ቁልቁል እያየሁ ነው። ቅኔ አይደለም፤ የመኪናችን ወለል ተበልቶ ነው። የሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ወንድሜ ሳሙኤል ያቺን ቀይ ኩፔ አስነሳ። እማማ ከፊት እንደ እቴጌ ተቀመጠች፤ እኔ ሻንጣዬን ታቅፌ ከኋላ ተጣጠፍኩ። ኩፔ ነድታችሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በሯ ሁለት ነው፣ የኋላ ወንበሯ ለይስሙላ ነው፣ ጉልበት ከአገጭ ጋር ይሳሳማል። ቀዳዳው ላይ ጣውላ አድርገንበት ነበር፤ ሞጆ ሳንደርስ ተንሸራተተ፣ ነፋሱ በቀሚሴ ስር ገባ፣ እኔም እስከ ሞጆ ኬላ ድረስ እግሬን ሰቅዬ ሄድኩ።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቀዳዳ ነው" አለ ሳሙኤል።

"ምን ያደርግላችኋል?"

"ጓድ፣ አየር ያስገባል" አልኩ እኔ ከኋላ።

"ዕቃ እንዳይሆን የሚያስወጣው!" አለና አጎንብሶ በቀዳዳው አየ። ያየው የገዛ ጫማውን ነው። ፓስፖርቴንና የመውጫ ቪዛዬን አገላብጦ መለሰልኝ። "ስዊድን ብርድ ነው ይላሉ። በዚህ መኪና ተለማምደሽ መሄድሽ ደግ አደረግሽ።"

ሦስታችንም እስከ ደብረ ዘይት እየሳቅን ሄድን።

ቦሌ ስንሰነባበት እማማ አላለቀሰችም፤ የእናቴ ልቅሶ ለብቻዋ ነው። ጆሮዬ ስር፣ "ከባለ ጋራዡ ከበዳሶ ጋር ሳትታረቂ ሄድሽ" አለችኝ።

"ምን ልታረቅ? እሱ አይደል መኪናችንን ያስበላት!" አልኳት።

በዚያች ሰዓት! ለስንት ዓመት እንደማላያት ሳላውቅ፣ ለእናቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ስለ መኪና ሆነ። እንዲህ ነኝ፣ ምላሴ ሁልጊዜ ቀድማኝ ትነሳለች።

ያቺ መኪና፣ አባታችን መጋዘን ሲጠብቅለት የኖረ አንድ ጣሊያናዊ የጥጥ ነጋዴ፣ አብዮቱ ሲመጣ አገር ጥሎ ሲሄድ ለአባባ የተዋት ናት። አባባ መንዳት እንኳ ሳይማር አረፈ፤ ለእኔና ለሳሙኤል ደረሰችን። ወይ ያቺ መኪና! ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ሾል ያለ፣ ሞተሯ ሲነሳ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ የምትበትን። ማርሽ ስትቀይሪላት እሺ ባይ ናት፣ ዳገት ላይ ግን ትቆጣለች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ቀን አስቁሞን፣ "ይቺ የቡርዣ መኪና ናት" ቢለን፣ ሳሙኤል "ጓድ ሊቀመንበር፣ ቡርዣውማ ሄደ፤ እሷ ናት ከሰፊው ሕዝብ ጋር የቀረችው" አለው። ሰውዬው ሳይወድ ሳቀ።

እኛ ጴንጤዎች ነን። በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር፤ ቤት ውስጥ መዘመር ደግሞ ጎረቤት አለ፣ ዘበኛ አለ። ስለዚህ የሰሌዳ ቁጥራችን የመንዳት ተራ በሚደርሰው እሁድ፣ ኩፖን ቆጥበን ባተረፍናት ነዳጅ፣ ለቀበሌው "ዴራ ያለችውን አክስታችንን ልንጠይቅ ነው" ብለን እንወጣለን። ከሶደሬ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከፍል ውሃው የሚወርድ ጅረት ያለበት፣ ግራር የከበበው አንድ ጥግ ነበረን። እማማ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯን ለብ ባለው ውሃ ነክራ፣ በጣሳ እየቀዳች መኪናዋ ላይ ታፈሳለች፣ ትዘምራለች። ሳሙኤል ጎማ እያሸ በወፍራም ድምፁ ይቀበላታል። እኔ ጨርቅ ይዤ ሦስተኛ ድምፅ ነኝ። መንገደኛ ብቅ ካለ የሚያየው መኪና የሚያጥብ ቤተሰብ ነው፤ መኪና እያጠበ የሚያንጎራጉርን ሰው ማን ይጠረጥራል? ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያናችን ያ ነበር።

ውሃው ደግሞ ሳሙና አይፈልግም፣ እንዲሁ በእጅ ላይ ያንሸራትታል። ታጥባ ፀሐይ ላይ ስትቆም ለሠርግ የተዘጋጀች ትመስል ነበር። እኔ በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም፤ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ እኛ ግን ደስ ብሎን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ፓራፋንጎዋ፣ ያ ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ማበጥ ጀመረ። ቀለሙን በጣት ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ጋሽ በዳሶ ጋ ወሰድናት። ጋሽ በዳሶ የሁሩታ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም፣ የተጎዳ የመኪና አካል ቆርጠውና ቀጥቅጠው የሚያድኑ ባትላሜራ፤ ያን ጊዜ በናዝሬት ከእሳቸው የሚስተካከል አልነበረም። "የበላውን ቆርጬ በአዲስ ላሜራ እበይዳለሁ" አሉን። አሳምረው ሠርተው መለሱልን። ስምንት ወር! እንደገና ዛገች፤ አሁን ወለሉም ጭምር። እኔ ወዲያው ደመደምኩ፦ አልቆረጡም፣ ዝገቱን በስቱኮ ለስነው ቀለም ቀብተው ሸወዱን። ማንም አልነገረኝም። ራሴ ከሳሽ፣ ራሴ ዳኛ።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ሦስት ሆነው በረንዳችን ላይ ተቀመጡ፤ አንደኛው በቀበሌው የፍርድ ሸንጎ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ክሴን አሰማሁ፤ እንዴት አሳምሬ እንዳሰማሁት! ትልቁ ሽማግሌ፣ "በዳሶ፣ ዝገቱን አልሸፈንኩም ብለህ ማልና በዚሁ ይብቃ" አሉ።

መማል ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ጋሽ በዳሶ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ፤ መኪናዋን አዩ፣ እማማን አዩ፣ የሸንጎውን ሰው አዩ።

"አልምልም። ልጅቷ ያለችው ይሁን። ያለ ዋጋ እሠራላታለሁ።"

እኛ ዘንድ መሐላ የሸሸ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ አለቀ። እኔም አገር ውስጥ እስካለሁ ድረስ ዳግመኛ አላስነካኋቸውም። ወሬው ከሞጆ እስከ ሁሩታ ተዳረሰ። ባለ መኪናዎች ፊታቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ አዞሩ፣ "በዳሶ ስቱኮ" የሚል ስም ወጣላቸው። እኔስ? ደስ አለኝ። ልዋሽ እንዴ? ደስ አለኝ።

ይህን ደስታዬን ይዤ ነው ስዊድን የገባሁት፣ ነርስነት ልማር። አገሩ ደግ ነው፣ ሰዉ ዝምተኛ ነው፣ ምግቡ ከበርበሬ ጋር የተጣላ ነው። ናዝሬት ላይ ፀሐይን የምንሸሻት ሰዎች እዚህ ጨረር ብልጭ ስትል ሰው ግድግዳ ተደግፎ ፊቱን ሲያሰጣ አየን። አከራዬ ኢንግሪድ የምትባል ሴትዮ ነበረች። ሕንጻው ስር ትቬትስቱጋ የሚሉት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ በተራ ነው። አንድ ቀን በሬን አንኳኳች።

"ማክሰኞ ተመዝግበሽ ሐሙስ አጠብሽ።"

"ማክሰኞ ሥራ ነበረኝ። ሐሙስ ክፍሉ ባዶ ነበር።"

"ባዶ ቢሆንም ያንቺ አልነበረም።"

"የእኛ ቀበሌ እንኳ ለባዶ ወረፋ አይቆጣም!"

"ቀበሌ ምንድነው?"

"ትቬትስቱጋ ነው፤ ልዩነቱ ስኳር ያከፋፍላል።"

አልሳቀችም። በማስታወሻዋ ጻፈችው።

በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ባበቃበት ሰሞን፣ ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ላይ የእኛን መኪና አየኋት! የእኛን ማለቴ እህቷን፤ ሰማያዊ ናት እንጂ ያው አፍንጫ፣ ያው ወገብ። ሮጬ ሄድኩ። ከጎማው በላይ እጄን አስገብቼ ጠርዙን ስዳብስ ባለቤቱ ደረሰ፤ ሌናርት የሚባል፣ ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ አስተማሪ።

"ምን እየፈለግሽ ነው?"

"ዝገት።"

"አገኘሽ?"

"እዚህ ጋ አለ።"

ሰውዬው ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። ለካ እንዲህ ያለች መኪና የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጎተራ ውስጥ ተሰብስበው የቀረፋ ዳቦ እየበሉ ስለ ዝገታቸው ያወራሉ። አንዱ በሠርጉ ቀን የመኪናው በር ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። የሌላው ሚስት ተረከዟ በወለሉ ወጥቶ አስፋልት ረገጠ። እንደ ልጃቸው ጥርስ ማብቀል ነው የሚያወሩት፣ እየሳቁ እንባቸው ይወርዳል። ወገኖቼን አገኘሁ! እኔም የሞጆውን ወታደር አወራሁላቸው፤ ጎተራው በሳቅ ተናጋ። ቀጥዬ ስለ እሁዳችን፣ ስለ ጅረቱ፣ ስለ እማማ ጣሳ ነገርኳቸው። ሌናርት ሳቁን አቆመ።

"ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከመሬት ይፈልቃል። ሙቅ ነው።"

"ያንሸራትታል?"

"ሳሙና አይፈልግም!" አልኩ በኩራት።

"ማርታ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እኛ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚበተነውን ጨው ከመኪናችን ለማስለቀቅ ነው የምናጥበው። ያ ውሃ የሚያንሸራትተው በውስጡ ባለው የሶዳ ጨው ነው፤ እናንተ በጨው ነው ያጠባችኋት። ማንም ሰው ምን ያህል አዲስ ብረት ቢበይድላችሁ አያተርፋትም ነበር።"

የያዝኩትን የቀረፋ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ መለስኩ። ማንም አልሸወደንም። አፌን ከፍቼ የአንድ ሰው ስም አጠፋሁ፤ ሰውዬው ደግሞ ሳይከራከሩ ተቀበሉት።

ለሳሙኤል "ጋሽ በዳሶን ቅዳሜ ቴሌ ይዘህልኝ ና" ብዬ ብቻ ጻፍኩለት፤ ደብዳቤ ስለሚከፈት ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ይህን በማወራበት ዛሬ እማማ የለችም፣ ዕድሜ ጠግባ በአልጋዋ ላይ አርፋለች፣ ዘመኑም አልፏል፤ ያን ጊዜ መናገር ያልቻልኩትን አሁን የምናገረው ለዚህ ነው። ያኔ፣ በዚያች ቅዳሜ ደወልኩ። ሳሙኤል ሰላም ብሎኝ ስልኩን ሰጣቸውና ውጭ ጠበቃቸው።

"ኢንተላ ኮ! ፈያዳ? ብርዱስ?" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ እያሉኝ ነው፣ ያን ሁሉ አድርጌያቸው።

"ጋሽ በዳሶ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ውሃው ነው። ውሃው ነው የበላት!" ማልቀስ ጀመርኩ።

 

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"እኔ የሁሩታ ልጅ ነኝ። ያ ውሃ ሚስማር ሲበላ እያየሁ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ ስታመጧት ከሆዷ ስር ነጭ ነገር ጋግሮባት ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልማሉም? አንድ ቃል እኮ ነው!"

"እሺ ማልኩ እንበል። 'ታዲያ ማን በላት?' ይባላል። ውሃ ነው ስል፣ 'የቱ ውሃ? ማን ወሰዳት? እዚያ ምን ይሠራሉ?' ይመጣል። ማን ተቀምጦ ይሰማ እንደነበር ታውቂያለሽ።" ስልክ ጆሮ እንዳለው ስለሚያውቁ የቀረውን በሽፍን ተናገሩ። "አንድ እሁድ ከሁሩታ ስመለስ፣ እናትሽ መኪና ስታጥብ ሰምቻታለሁ።"

ሰምቻታለሁ ነው ያሉት። አየኋት አላሉም፤ የሰሙት መዝሙሯን ነው።

"ስምዎ ግን..."

"ስሜማ ጠፋ። ከበደኝ፣ አልዋሽሽም። አሁን ሰው መመለስ ጀምሯል።"

"ለሽማግሌዎቹ እጽፋለሁ! ዛሬውኑ እጽፋለሁ!"

"እንዳትጽፊ! ለሳሙኤልም እንዳትነግሪው። ያን ልጅ ታውቂው የለ፣ ከሰማ መኪናዋን ከዚያ ውሃ ያርቃታል። እናትሽስ የት ታጥብ?"

 የቴሌዋ ልጅ "ሰዓት አልቋል" ስትል ሰማኋት።

"አሁንም ይሄዳሉ?" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ባለፈው እሁድም ሄደዋል" አሉኝ፣ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበረ። "እኔ ሰኞ ሰኞ ወለሏን እበይዳለሁ።"