ካርቶን ያዘሉ ሁለት ሴቶች

ፀጉር ሠሪዋ ብስክሌት መንዳት የተማረችው ሃምሳን ከደፈነች በኋላ ነው። በልጅነቷ እቤት ውስጥ አንድ ብስክሌት ነበር፤ ግን የታላቅ ወንድሟ ስለነበር የእሷ ድርሻ ጎማውን ማጠብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሰው የለም ብላ ኮርቻው ላይ ልትወጣ ስትል፣ እስከ ዛሬ ጋሼ የምትላቸው ይኸው ወንድሟ ደርሰው በጆሮዋ ጎትተው አወረዷት። ብስክሌት ላይ የወጣች ሴት ማን ያገባታል ብለው። አገባች። ያገባት ሰው ግን ዓመሉ አላማረምና ብዙም ሳይቆይ ጥሏት ሄደ። ደንበኞቿ ስለዚህ ነገር ሲያነሱባት፣ እንግዲህ ያፋታኝ ብስክሌቱ አይደለም ብላ ትስቃለች።

ሁለት ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያላትን ፀጉር ቤት ብቻዋን ነው ያቆመችው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ አንቀሳቅሺው አላት። በዚያው ሰሞን ቤት የምትለቅ አንዲት ደንበኛዋ አሮጌ ብስክሌቷን ልትጥለው ስትል፣ አትጣዪው፣ እኔ እወስደዋለሁ አለቻት። ከተዘጋ መጋዘን ጀርባ ባለ ባዶ ሜዳ ጠዋት ጠዋት እየወደቀች ተማረች። ክርኗን በፋሻ ጠቅልላ ሥራ ስትገባ ሰፈሩ ጉድ ፈላ አለ። በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት የሚለውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ ወር ሳይሞላ በዋናው መንገድ ላይ መኪና እየቀደመች መጣች። ያኔ ነው የሰፈር ልጆች ንፋሷ ያሏት።

የጋሼ ባለቤት እትዬ ሽበታቸውን ለመቀባት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እሷ ይመጣሉ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ባላቸው በተናገሩበት ቤት ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ካስኩ ሥር ቁጭ ብለው ሳለ፣ እኔንስ ታስተምሪኛለሽ ወይ አሏት። ፀጉር ሠሪዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እትዬ ግን አልሳቁም። በማግሥቱ ጠዋት ከመጋዘኑ ጀርባ ቀድመዋት ቆመው አገኘቻቸው፤ የልጃቸውን ሱሪ ታጥቀው፣ እግሩን ሁለት ጊዜ አጥፈው።

እትዬ ቶሎ አልለመዱም። ግን አንዴም በቃኝ አላሉም። ሲወድቁ አቧራቸውን አራግፈው፣ ያዢልኝ እንጂ አትጩሂብኝ ይሏታል። ከዚያ የራሳቸውን ብስክሌት ገዙና በየሳምንቱ አብረው ከከተማ መውጣት ያዙ። ጋሼ ይህን ያወቁት ከሰው ሰምተው ነው። የጊዜ እብደት ነው፣ ያልፍላቸዋል ብለው ተዉት።

አላለፈላቸውም። አንዲት ደንበኛ ባሕር ማዶ ያለ፣ የባሕሩን ጠርዝ ይዞ የሚሄድ የብስክሌት መንገድ በስልኳ ስታሳያቸው ሁለቱም ደጋግመው አዩት። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ እሱ ሆነ። በመጨረሻ ትኬቱ ሲቆረጥ ጋሼ ቆሽታቸው አረረ። ዘመድ ሰብስበው፣ አንዷ እግሯ ያብጣል፣ አንዷ ደም ግፊት አለባት፣ ባዕድ አገር መንገድ ላይ ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል፣ እኔስ በየት አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ አሉ። ዘመዱም አብዛኛው ደገፋቸው። ፀጉር ሠሪዋ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። እትዬ ደግሞ ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ አውሮፕላኑ ሐሙስ ጠዋት ነው የሚነሣው አሉና ዕቃ ሊያጥቡ ገቡ።

ጋሼ ሲያቅታቸው፣ መኪና ያለው ዘመድ ሁሉ ሴቶቹን እንዳያደርስ ከለከሉ። ብስክሌት በአውሮፕላን የሚጫነው ተፈታትቶ ካርቶን ውስጥ ሲገባ ነው፤ ያን የሚያህል ሁለት ካርቶን ደግሞ ታክሲ አይችለውም። በዚህ ይቀራሉ ብለው ነበር ጋሼ። ሴቶቹ ግን ካርቶኖቹን አጥፈው ጀርባቸው ላይ በገመድ አሰሩና፣ ብስክሌታቸውን እየነዱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዱ። ነፋስ ሲመጣ ካርቶኑ እንደ ሸራ እየተነፋ ወደ መንገዱ መሃል ይገፋቸዋል። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አዩዋቸው። አንዱ ሹፌር፣ ቤቱን ይዛችሁ ነው እንዴ የምትሄዱት አላቸው። ፀጉር ሠሪዋ፣ ቤቱንማ ላንተ ትተንልሃል ብላ አለፈችው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ካርቶናቸውን ዘርግተው መፍታት ጀመሩ። ጥበቃው መጥቶ ይህ ጋራዥ አይደለም፣ ተነሡ አላቸው። ፀጉር ሠሪዋ ቀና ሳትል፣ ስንጨርስ እንጠርገዋለን ብላ ፔዳሉን መፍታት ቀጠለች። ቢቆጣም ወይ ፍንክች። ጎማ ወጣ፣ መሪው ዞረ፣ ኮርቻው ዝቅ አለ። ሁለተኛውን ካርቶን በፕላስተር እያሸጉ ሳለ ጋሼ ከታክሲ ወረዱ።

እህታቸውን አላዩዋትም። በቀጥታ ወደ ባለቤታቸው ሄደው፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ካርቶኑን በእግራቸው ረገጥ አደረጉት።

«ከሄድሽ ቤቴን እርሺው» አሏቸው።

እትዬ ተነሡ። ጉልበታቸውን አራገፉ። ትዳር ከያዙ ጀምሮ አንቱ ሲሏቸው የኖሩትን ባላቸውን ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ቤቱ የአንተ ብቻ አይደለም» አሉ። «ግማሹ ላቤ ነው። እሄዳለሁ፣ ተመልሼም እገባበታለሁ። አሁን እግርህን ከካርቶኔ ላይ አንሳልኝ።»

አንተ የሚለው ቃል ጋሼን ከስድብ በላይ አስደነገጣቸው። እግራቸውን አነሱ። ፀጉር ሠሪዋ የምታደርገው ጠፍቷት ፕላስተሩን በማይሆን ቦታ ሁለቴ ለጠፈችው። ዞር ስትል ጋሼ በመጡበት ታክሲ እየገቡ ነበር።

አውሮፕላኑ ደመና ላይ ሲወጣ እትዬ ትንሽ አለቀሱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ያቀረቡላቸውን ምግብ በሙሉ በሉ።

ሲደርሱ የእትዬ ካርቶን መጣ። የፀጉር ሠሪዋ አልመጣም። ዕቃ የሚያወጣው ማሽን ባዶውን ሲዞር ቆየና ቆመ። የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ በምልክትም በቃልም፣ ካርቶኑ በሚቀጥሉት በረራዎች ይመጣል፣ ሆቴል ገብታችሁ ጠብቁ አላቸው። ፀጉር ሠሪዋ ስንት ቀን ብትለው ትከሻውን ሰበቀ። ያኔ የፀጉር ሠሪዋ ሐሞት ፈሰሰ። ያ ሁሉ ዘመድ የተናገረው በአንዴ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ ጋሼ እውነታቸውን ነው መሰለኝ፣ እንመለስ ይሆን እትዬ አለች።

«አንድ አለን» አሉ እትዬ። «አንድ ለሁለት ይበቃል። ጋሼሽ እንዲስቁብኝ አልመጣሁም።»

ለሠራተኛው ካርቶኑ ሲመጣ በመንገዳቸው ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወዳለው እንግዳ ማረፊያ እንዲልክላቸው አስረዱትና፣ በማግሥቱ ጠዋት በአንድ ብስክሌት ተነሡ። አንዷ ነድታ ትቀድማለች፤ ከዚያ ብስክሌቱን ምሰሶ ላይ ቆልፋው በእግሯ ትቀጥላለች። ከኋላ በእግሯ የምትመጣው በራሷ ቁልፍ ትፈታውና ጓደኛዋን አልፋ ትሄዳለች። ብስክሌቱ የተለካው ለእትዬ ስለሆነ ረጅሟ ፀጉር ሠሪ ስትነዳው ጉልበቷ አገጯን ሊመታ ይደርሳል። እትዬ ሲያልፏት ደወሉን እየደወሉ፣ ንፋሷ ዛሬ ምን ያዘሽ ይሏታል። ዝናብም ዘነበባቸው። ፀጉር ሠሪዋ ጫማዋ እግሯን ልጧት የአንዱን ቀን መንገድ በነጠላ ጫማ ጨረሰችው። በሚገርም ሁኔታ ያበጠው እግሯ ሟሸሸ።

ትንሿ ከተማ ሲደርሱ ካርቶኑን ቀድሟቸው የእንግዳ ማረፊያው ኮሪደር ላይ ተጋድሞ አገኙት። ጥጉ ተቀዷል፣ አንዱ ፍሬን ተጣሟል። ፀጉር ሠሪዋ እዚያው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ አቃናችው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ጎን ለጎን ነዱት፤ እስከ መጨረሻው፣ አስፋልቱ አልቆ አሸዋ እስኪሆን ድረስ።

ሲመለሱ ሊቀበላቸው የመጣ የለም። እትዬ እቤታቸው ገብተው ቦርሳቸውን አስቀመጡ። ጋሼ ብዙ ቀን አኮረፉ፤ እትዬም አላባበሏቸውም፣ ሥራቸውን ሠሩ። አንድ ቀን ራት ላይ፣ ፀጉር ሠሪዋም በነበረችበት፣ ጋሼ ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ መንገዱ ዳገት ይበዛው ነበር ወይ ብለው ጠየቁ።

«ይበዛዋል» አሉ እትዬ። «ወጣነው።»

ጋሼ ወደ ምግባቸው ተመለሱ። ሁለቱ ሴቶችም ቅዳሜ በየት በኩል እንደሚነዱ መነጋገር ጀመሩ።