ነጭ ቆብ የደፋው የሎሚ ብስኩት

እኔን ብሎ ብስኩት ጋጋሪ። ጥርሴ ገሚሱ የሰው ሥራ ነው፣ ስኳሬን ሐኪሟ በለካችው ቁጥር ትቆጣኛለች፣ ፊደል የሚባል አልቆጠርኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ የእንቁላል ነጭ ስመታ ተገኘሁ። ማን ገፋሽ ብትሉኝ ምላሴ ነው። ሌላ ማንም የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ ልጅ፣ ያቺ በእጄ ያሳደግኋት፣ እዚህ እስራኤል ክፋር ማርሞሬክ የሚኖሩ፣ እንደኛው አይሁድ የሆኑ የየመን ሰዎች ልጅ ወደደች። ልጁ ደግ ነው፣ ቁመቱም አያሳፍርም። እናት አባቱ ቤሰደር፣ እሺ፣ ብለዋል። የቀረችው አያቱ ናት። በዚያ ቤት አያትየዋ ካልመረቀች ሰርግ የለም፣ ሁሉም የሚያየው የእሷን ፊት ነው። እሷ ደግሞ «የማላውቃቸውን ሰዎች አልመርቅም፣ መጀመሪያ ልያቸው» አለች። አልፈርድባትም። እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የምለው።

ልንታይ ሄድን። ባዶ እጅ አይኬድምና ልጅቷ ከሄርዝል ጎዳና አንድ ካርቶን ብስኩት ገዛች። የሎሚ ነው። ሆዱ ውስጥ ቢጫ ክሬም አለው፣ አናቱ ላይ ነጭ አረፋ ደፍቷል፣ ልክ የቄሶቻችንን ጥምጣም ይመስላል። እኔ ደግሞ ደጃፋቸው ስንደርስ ካርቶኑን ጣልኩና ብስኩቱን በራሴ ሰፌድ ደረደርኩት። ሰፌድ ላይ ከሆነ ማን ይጠይቃል ብዬ።

አያትየዋ አንድ ቀመሰች። ሁለተኛ አነሳች። «ማን ነው የሠራው?» አለች።

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት «እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ ጊዜ ዕብራይስጥ ሲሆን ቃል ፈልጌ አጣለሁ፣ ያን ቀን ግን ውሸቱ እንደ ውሃ ፈሰሰ። «ሎሚውንም ራሴ ነኝ የለቀምኩት» ብዬ ጨመርኩበት።

አያትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «እንግዲያው ሐሙስ ቤትሽ እመጣለሁ። ትኩሱን ታበይኛለሽ፣ ያን ጊዜ ስለ ልጆቹ እናወራለን።»

አውቶቡስ ውስጥ ልጅቷ «ሳቭታ፣ ምን ነካዎት?» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው።

«ምን አልኩ?»

«ብትነቃስ? ውሸታሞች ናቸው ብትልስ? አትመርቀንም እኮ።»

«አትነቃም። ብስኩት ነው እንጂ አውሮፕላን ልሥራ አላልኩ።»

«እሺ ይሥሩ። ዳግመኛ የተገዛ ካመጡ ግን እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስታለቅስ እንዳላያት ነው። አየኋት። ከዚያ በኋላ ቀልዱ ቀረ።

ሐሙስ ጧት ልጅቷ አሠራሩን የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ከፍታልኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ማታ አያትየዋን ይዛ ልትመጣ ነው። ጎረቤቴ ከጓሮ ሎሚ ለቅማ መጣች። በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው፣ የወገራ ሰው ናት፣ ከእኔ ጋር ባንድ አውሮፕላን ነው የመጣችው። ሎሚውን አስቀመጠች፣ ወንበር ሳበች፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ማንኪያ እንኳ አላነሳችም።

«አታግዢኝም?» አልኳት።

«እኔ ልጅ አልድርም። ለማየት ነው የመጣሁት።»

ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጥፍሯ ሰንጢ ያህላል፣ ግን ሊጡ አንድ ጊዜም አይነካትም። እኔ እስከ ክርኔ ዱቄት ሆኛለሁ። ቅቤ አላደረግሁም፣ ወተት በሌለው ማርጋሪን ነው። እንግዳዋ ሥጋ በልታ ከመጣች ቅቤ ያለበት አትነካም፣ ሥጋና ወተት በኛ ሕግ አይገናኝም። የሎሚውን ልጣጭ ፈቅፍቄ አገባሁበት፣ ሊጡን አድበልብዬ መሃል መሃሉን በአውራ ጣቴ ጎድጎድ አድርጌ ጋገርኩት። አማረልኝ። ክሬሙንም አስኳል፣ ስኳርና ሎሚ አድርጌ ሳማስል ዋልኩ፣ እሱም ረጋልኝ። ጎረቤቴ አንገቷን አስግጋ አየችው። እሷ ካልተቸች ደህና ሆኗል ማለት ነው።

ቀረኝ አረፋው። እንቁላሉን መጀመሪያም አንድ በአንድ ብርጭቆ ላይ እየሰበርኩ ነበር ያየሁት፣ ደም ያለበት አይበላማ። ነጩን አጠራቅሜ መምቻ ማሽኑን ለቀቅሁበት። ማሽኑ ይጮኻል፣ ነጩ ይዞራል፣ አይነሳም።

«ሳሙና ጨምሪበት» አለች ጎረቤቴ።

«አንቺ ዝም በይ።»

«አረፋ ፈልገሽ አይደለም?»

ደፋሁትና ሌላ ሰበርኩ፣ እንደገና በዚያው ብርጭቆ። እሱም ተኛ። ኋላ ብርጭቆውን ወደ መስኮት አንስቼ ሳየው ወገቡ ላይ ዘይት አለ። ማለዳ ለወጥ ዘይት የለካሁበት ነው፣ ዘይት የነካው የእንቁላል ነጭ ደግሞ አይነሳም። አጥቤዋለሁ ብዬ ነበር፣ ያጠብኩት በሐሳቤ ኖሯል። ሌላ ብርጭቆ አነሳሁ፣ አሁን ደግሞ ስቸኩል አስኳሉ ፈርሶ ነጩ ውስጥ ገባ። እንቁላሉም አለቀ።

ስልኩ ጠራ። ልጅቷ ናት። «ሳቭታ፣ ይዣት ወጥቻለሁ። ሄርዝል ላይ መኪና ተጨናንቆ ነው እንጂ ደርሰናል። እንዴት ሆነልዎት?»

«በጣም ጥሩ» አልኩ። ይሄ ምላስ ዛሬም አልተቀጣ።

እንቁላል ልበደር ብዬ ጎረቤቴን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች፣ የላትም። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። እዚያ ለስኳሬ ብዬ ከትናንት የዘፈዘፍኩት የአብሽ ዱቄት አለ። ምሬቱ እንዲወጣ ውሃውን ሦስት ጊዜ ደፍቼለታለሁ። አብሽ ደግሞ ሲመታ ምን እንደሚሆን የጎንደር ሴት ትጠየቃለች? በእውኔ ቀርቶ በሕልሜም እመታዋለሁ።

«አታደርጊውም» አለች ጎረቤቴ።

«ምኑን?»

«አሁን እያየሽው ያለሽውን።»

ግማሹን ገለበጥኩና ጣቶቼን ዘርግቼ መታሁት። ሎሚ ጠብ አደረግሁበት፣ ነጣ። ተነፋ። ስኳር ጨመርኩበት፣ እንደገና መታሁት። ሳነሳው ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆመ። በየብስኩቱ አናት ላይ ከመርኩት፣ ጫፉ ቡናማ እንዲል ትንሽ እሳት አሳየሁት፣ አወጣሁት። እውነት ለመናገር ከሱቁ ይበልጣል። ያው ጥምጣም ነው። ሽታው ግን ቤቱን ሞላው። መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ፣ አልወጣም አለ።

ደወሉ ተደወለ። አያትየዋ ገባች፣ ደጃፉ ላይ ቆም አለችና በአፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ልጅቷ ከኋላዋ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ጎረቤቴ ወደ ቤቷ የምትሄድ መስሏችሁ እንደሆነ አልሄደችም፣ ሞት ቢጠራትም አትሄድ።

አያትየዋ ተቀመጠች። አንድ ብስኩት አነሳች። አልገመጠችውም። አረፋውን በጣቷ ነካች፣ ጣቷን ላሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሒልቤ» አለች።

የየመን ሰዎች አብሽን ሒልቤ ነው የሚሉት። እንደኛው ዘፍዝፈው፣ እንደኛው ሎሚ አድርገው ይመቱታል፣ ያለሱ ማዕድ ላይ አይቀመጡም። እስራኤል ያሉ አያቶች በሙሉ ተሰልፈው ቢሰጡኝ፣ በአብሽ ላታልላት የመረጥኩት እሷን።

«ስኳር አድርገሽበታል?»

«አዎ።»

«ሒልቤ ላይ ስኳር» አለች፣ ሰው የሞተባት ያህል።

ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች። እጇን እጇን ትጠመዝዛለች። እሷን ሳይ ምላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ገባ። «የዛሬው የእጄ ነው» አልኩ። «የባለፈው ግን ከሄርዝል ጎዳና የተገዛ ነው። ልጅቷ የለችበትም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከተቆጣሽ እኔን ተቆጪ።»

አያትየዋ ተነስታ ወጥ ቤቴ ገባች። ሦስታችንም ተከተልናት። ስኳር ያልነካውን፣ የተረፈኝን አብሽ አገኘችው፣ ወደኔ ገፋችውና «ምቺው» አለች። መታሁት። እሷ ክንዴን ታያለች፣ ጎረቤቴ እሷን ታያለች። ሲነሳ ማንኪያ ሰካችበት። ማንኪያው ቆመ።

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ።»

«እኔንም እናቴ ናት» አለች። ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ ትችያለሽ?»

«አልችልም» አለች ልጅቷ።

«ጥሩ። ከሁለታችሁ አንዷ እንኳ እውነት ትናገራለች።»

ዳቦ ጠየቀች፣ ሚጥሚጣ ጠየቀች። አብሹን በዳቦ እያጠቀሰች፣ ቆማ፣ ግማሽ ሳህን ጨረሰች። ከዚያ እጇን ጠረገችና ልጅቷን ጎንበስ አድርጋ ሁለት መዳፏን ራሷ ላይ ጫነችባት። ምን እንዳለች አልሰማሁም፣ የራሳቸው ምርቃት ነው። ረዘም አለ። ቀና ስትል ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እኔም ያው ሽንኩርት የከተፍኩ መስያለሁ።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና «ሰርግ ላይ ጣፋጩን እኛ ነን የምናመጣው። አንቺ ሒልቤውን ብቻ» አለችኝ። «ቤሰደር» አልኩ። ልጅቷ ደግፋ ልትሸኛት ወረደች።

እኔና ጎረቤቴ ቀረን። ብስኩቱ አንድም ሳይጎድል ትሪው ላይ ቆቡን ደፍቶ ተኮልኩሏል። ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ያላነሳችውን እጇን አነሳችና አንዱን ጎረሰች። ብዙ አኘከች። ውሃ ጠጣችበት። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጠረገችና እንዲህ አለችኝ፦

«ልጅቷ ቆንጆ ባትሆን ኖሮ በዚህ ብስኩት ቆማ ትቀርልሽ ነበር።»