እናቴ በእንጨት ጫማው ሙዚየም ያለችው

እናቴ ከደሴ ባሕር ማዶ መጥታ፣ ሌክ ሲቲ እኔ ጋ መኖር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ እሷንና ልጄን ይዤ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር ሄዳ ወደወደደችው ትንሽ የእንጨት ጫማ ሙዚየም ወሰድኳቸው።

የሆላንዱ፣ የጃፓኑ፣ የስዊድኑ ጫማ በየመስታወቱ ተደርድሯል። እናቴ ሁሉንም ዝም ብላ አለፈቻቸው። ጥግ ላይ ካለ አንድ ጥንድ ስትደርስ ቆመች። ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ ከላይ አንድ የቆዳ ማሰሪያ አለው። ጽሑፉ «ከሶሪያ» ይላል።

«ይሄማ አባቴ ይጠርበው የነበረው ነው» አለች። «መስጊድ ለሶላት የሚታጠቡ፣ ውዱእ የሚያደርጉ ሰዎች ያጠልቁታል። በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ የማለሰልስለት እኔ ነበርኩ።»

ግራ ገባኝ። አያቴ ጨው ነጋዴ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ የነገረችኝም ራሷ ናት።

ልጠይቃት ስል ጥላኝ ሄደች። አንድ ሽማግሌ ለጎብኚዎች ጫማ እየጠረቡ ያሳያሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጇን ዘረጋች። ሰውየው የአሸዋ ወረቀትና ያላለቀ ጫማ ሰጧት። ሳትቸኩል፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላ ታሸው ጀመር።

«ማሚ፣ ሺ ኖውስ ሃው» አለችኝ ልጄ፤ ታውቅበታለች ማለቷ ነው።

መኪና ውስጥ «እስቲ ያንን የአያቴን ነገር ድገሚልኝ» አልኳት።

«የቱን?»

«ጫማ ይጠርብ ነበር ያልሽውን።»

«እኔ? አባቴ እኮ ነጋዴ ነበር፣ ልጄ።» ቀሚሷ ላይ ገና የእንጨት ብናኝ አለ።

መርሳት ጀምራ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት፤ ደህና ናት አለኝ። ያኔ ሰው እጀ ጥበበኛን ይንቅ ስለነበር አፍራበት ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ኮምቦልቻ ላለችው ታላቅ እህቷ ኮል አድርጌ አያቴ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቅኳት። አክስቴ «እሷ ምን አለችሽ?» አለችኝ።

«አንዴ ነጋዴ፣ አንዴ ጠራቢ።»

«እንግዲያው እሷ ያለችሽ ነው» ብላ ስለ ልጄ ትምህርት ጠየቀችኝ።

በሳምንቱ እናቴ ሻርፗን ተከናንባ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ወደዚያ ጫማ ቤት አንሄድም?» አለች። ሄድን። ሽማግሌው ጋ እንደደረስን፣ ማሰሪያ የሚያበጁለትን ጫማ አይታ፣ «ንገሪያቸው፣ ማሰሪያው እንዲህ አይላላም፤ ውሃ ሲነካው ይለጠጣል» አለችኝ።

«ማን ነው ያለው ልበላቸው?»

«የሚያውቅ ሰው በያቸው።»

እንዳለችው ተረጎምኩላቸው።